ዘንዶው ከገጽ ሲወርድ፦ ከኮሚክስ ወደ አጭር ፊልም፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 1ኛ እና 2ኛ ሳምንት፦ ገጽ ቆጠራ

ኮሚክሱ 48 ገጽ ነው። የሚቀረጸው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ 24 ገጽ። እረኛው ከአንኮበር ተነሥቶ ጉም ውስጥ የተኛውን ዘንዶ ፍለጋ እስከ ጣርማበር ገደል አፋፍ የሚዘልቅበት ክፍል። የታሰበው ርዝመት 18 ደቂቃ።

ከካሜራው በፊት ወረቀቱ። የሌላ ሰው ታሪክና ሥዕል ወደ ፊልም መለወጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱ ፈቃድ ይፈልጋል። ደራሲውና ሠዓሊው ሁለት ሰዎች ከሆኑ ሁለቱም ይፈርማሉ። ውሉ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ የትኛው ምዕራፍ፣ ለስንት ዓመት፣ የፍጡሩን ቅርጽና መጠን መለወጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም። ሦስተኛው ትርፍ ይመስላል። ጥቅምት ላይ ግን ያዳነን እሱ ነው።

ቆጠራው 112 ሳጥን (ገጹ ላይ የተከለለ አንድ ሥዕል) ሆነ። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ መስመር ያለው ሠንጠረዥ፣ ስድስት ዓምድ፦ ገጽና ቁጥር፣ ምን ይታያል፣ ማን ይናገራል፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከዚህ እስከ ቀጣዩ ሳጥን ምን ሆነ?» ሥራውን የበላው ይህ ስድስተኛው ዓምድ ነው።

ምሳሌ፣ ገጽ 6። ሳጥን 3 ላይ እረኛው እሳት ዳር ቁጭ ብሏል። ሳጥን 4 ላይ ጎራዴ መዝዞ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። መሃላቸው ያለው የአንድ ጣት ስፋት ነጭ ወረቀት ነው። አንባቢ ነጩን ራሱ ይሞላዋል፤ ተመልካች ግን «ይኼ ሰውዬ መቼ ተነሣ?» ይላል። ተነሣ፣ በርኖሱን ደረበ፣ ወጣ፣ መዘዘ፦ አራት ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸው ቁራጭ)። በዚህ ስሌት 19 ሳጥን ተጥሎ 93 ቀረ፤ ከነጩ ክፍተት 70 ሾት ተወለደ። ድምር 163።

መስከረም 4ኛ ሳምንት፦ አኒማቲክ

አኒማቲክ ከቀረጻ በፊት ሥዕሎቹ ከድምፅ ጋር ተደርድረው የሚታዩበት የፊልሙ ንድፍ ነው። ገጾቹ በ300 ዲፒአይ ስካን ተደርገው፣ ሳጥን በሳጥን ተቆርጠው፣ በስልክ ከተቀዳ ንባብ ጋር ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ላይ ተደረደሩ። የመጀመሪያው ውጤት 26 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ጥፋቱ የአረፋዎቹ (ንግግር የሚጻፍባቸው ክቦች) ነው። 30 ቃል ያለው አረፋ በዓይን ሲነበብ ቶሎ ያልቃል፤ በአፍ ሲነገር ግን 15 ሰከንድ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥዕሉ ፍንክች አይልም። የወጣው ሕግ፦ ከ12 ቃል የበለጠ አረፋ ይቆረጣል፣ የተራኪው ሳጥን («በዚያን ዘመን…») በሙሉ ይወጣል። ሁለተኛው 19 ደቂቃ ከ10 ሆነ።

ሌላው የፍሬም ቅርጽ። ኮሚክሱ ገደሉን የሚያሳየው በረጃጅም ቋሚ ሳጥኖች ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ 2.39 በ1 (ወርድ ለቁመት) ነበር፣ «ሲኒማ ሲኒማ ይሸታል» በሚል። አኒማቲኩ ላይ ተሞክሮ ገደሉ ጉብታ መሰለ። 1.85 በ1 ተመረጠ፤ ከ3840 በ2160 ላይ ከላይና ከታች ጥቂት ተቆርጦ 3840 በ2076 ይቀራል። ቋሚዎቹ ሳጥኖች ካሜራውን ከታች ወደ ላይ በቀስታ በማንሣት ይሠራሉ።

ጥቅምት 1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት፦ ዘንዶው

መጀመሪያ መለካት። ገጽ 9 ላይ የዘንዶው ራስ የሰውየውን ቁመት ግማሽ ያህላል። ገጽ 17 ላይ ራሱ ከሰውየው ይበልጣል። ሠዓሊ በየገጹ እንደ ስሜቱ ያሳድጋል፣ ያሳንሳል፤ መብቱ ነው፣ መሃል ላይ ነጩ ክፍተት አለለት። አሻንጉሊት ግን አንድ መጠን ብቻ ነው ያለው። ውሳኔው፦ ራሱ 85 ሳንቲሜትር ይሠራ፣ ገጽ 17 በካሜራ ርቀት ይታለል።

ራስ፣ ሙከራ አንድ፦ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የወጣ ነጭ ስታይሮፎም፣ በማስቲሽ ተጣብቆ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጋጠሚያው ቀልጦ ጎድጎድ አለ። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ስታይሮፎም ይበላል። ስታይሮፎም ከተፈለገ በነጭ የእንጨት ኮላ ብቻ።

ሙከራ ሁለት፦ የፍራሽ ስፖንጅ። ማስቲሽ አይጎዳውም፣ በረጅም ስለታም ቢላ ይቀረጻል፣ ቀላልም ነው። ችግሩ የደብረ ብርሃን ብርድ ሆነ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጥቅምት ማለዳ ደግሞ ውርጭ። በጠዋት የተቀባ ማስቲሽ ላዩ ወዛም ሆኖ አልያዝ አለ። ማሟሟያው ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበት ይሰበሰብበታል፤ ሁለቱ ፊቶች ሲገናኙ ውሃ መሃላቸው አለ። መፍትሔው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አለማጣበቅ፣ ሁለቱንም ፊት ቀብቶ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ በጣት ሲነካ ክር ካልሳበ መግጠም። ለማሞቅ የፀጉር ፎን፣ እሱም ማስቲሹ ተኖ ካለቀ በኋላ ብቻ። ከሰል አጠገቡ ፈጽሞ አይቅረብ፤ ትነቱ ይቀጣጠላል።

ቀለም። ተራ አክሬሊክ ስፖንጅ ላይ አምሮ ደረቀ፤ መንጋጋው ሦስት ጊዜ እንደተከፈተ ተሰነጣጠቀ። የሠራው ቅይጥ፦ ለመስታወት መግጠሚያ የሚሸጠው ሲሊኮን አንድ እጅ፣ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አንድ እጅ ተኩል፣ የሠዓሊ የዘይት ቀለም እስኪጠቁር። በብሩሽ እየተወቀጠ ስፖንጁ ውስጥ ይግባ፤ ከላይ ብቻ ከተለቀለቀ ይላጣል። ሁለት ዙር፣ በመሃል አንድ ሌሊት። መስኮት ይከፈት፤ ሽታው የኮምጣጤ ነው፣ የአኳራጁ ትነት ግን ራስ ያዞራል። ሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር ሌላ ቀለም ስለማይዝ ማረሚያውም በዚያው ቅይጥ ነው።

አንገት፦ 3 ሜትር። ከ20 ሚሊሜትር የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ 14 ቀለበት፣ ትከሻው ጋ 60፣ ራሱ ጋ 28 ሳንቲሜትር ስፋት፣ በየ23 ሳንቲሜትሩ። ቀለበቶቹን መጀመሪያ ያያያዛቸው የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ነበር። ግማሽ ቀን በተወዛወዘ በሦስት ቦታ ተበጠሰ፤ ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደክማል። በአራት ናይለን ገመድ ተተካ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። የግራው ሲሳብ አንገቱ ወደ ግራ ይዞራል። መንጋጋውን የሚከፍተው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ከነሽፋኑ ነው፤ እጀታውም የፍሬኑ እጀታ።

ቆዳ። ይህን በዝርዝር እንጻፈው፣ ምክንያቱም ከሁሉ የተሳካው ነው። በመጀመሪያ ለቅርፊት የታሰበው የጫማ ሶል ፎም ነበር። በካሜራ ሲታይ እንደ ታጠበ ጎማ አበራ። ቀጥሎ ያረጀ የመንዝ ዝተት ተሞከረ። ሻካራ የበግ ጠጉር ስለሆነ ብርሃን ይውጣል፣ ዳሩ ሲተለተል ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል፣ ጥቁሩና ቡናማው የተፈጥሮ ቀለሙ ለቅርፊት ምንም ሳይቀባ ይበቃል። የሸጡልን እናት መቀሱን አይተው «ልጆቼ፣ ዝተት ይለበሳል እንጂ ይከተፋል?» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ የተከተፈው ብል የበላው ብቻ ነው።

ቅርፊቱ የቅጠል ቅርጽ፣ 9 በ6 ሳንቲሜትር፣ አንዱ በሌላው ላይ በሲሶው ይደረባል። ለዚህ አንገት 1,150 ያህል ፈጀ። ስሕተት፦ ስፌቱ ከራስ ወደ ትከሻ ተጀመረ፣ ቅርፊቶቹም ወደ ፊት ቆሙ፤ ዘንዶው በተቃራኒ የታሸ ድመት መሰለ። 200 ያህሉ ተፈትቶ ከትከሻ ወደ ራስ እንደገና። ጣራ እንደሚከደነው ነው፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ።

የሱፍ ዕዳው ክብደት ነው። ሱፍ ከራሱ ክብደት እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይጠጣል። ደረቅ ሳለ 11 ኪሎ የነበረው አንገት ጉም ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቶ 14 መዘነ። ተሸካሚ ከሁለት ወደ ሦስት።

ወጪ (ብር)፦ ቱቦ 1,400፣ ስፖንጅ 3,600፣ ማስቲሽ 2,200፣ ሦስት አሮጌ ዝተት 4,500፣ ስምንት ቱቦ ሲሊኮን 3,600፣ አኳራጅና ቀለም 1,900፣ ገመድና የፍሬን ሽቦ 850። ድምር 18,050። ዓይኑ ነፃ ነው፤ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣ መስታወት ከጀርባው ቢጫ ተቀብቶ።

ጥቅምት 4ኛ ሳምንት፦ ልብስና መሣሪያ

ጎራዴ ሁለት ዓይነት። ለቅርብ ሾት 2 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ስለቱ ተሞርዶ የደነዘ። ለፍልሚያ የጥድ እንጨት። እንጨቱ ብርማ ቀለም ሲቀባ የሕፃን መጫወቻ ሆነ፤ ጥቁር ተቀብቶ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጨርቅ ሲታሽበት ብረት መሰለ። ሠዓሊው ጎራዴውን በቀኝ ጎን አስታጥቆታል፣ ልክ ነው፤ የአበሻ ጎራዴ በቀኝ ነው የሚታጠቀው። ከቀኝ ጎን በቀኝ እጅ መምዘዝ ግን የእጅ አንጓ ልምምድ ይጠይቃል። ተዋናዩ በውጭ ፊልም ልማድ እጁን ወደ ግራ እየሰደደ ሦስት ቀን ባከነ።

እረኛው ከላይ ጥቁር በርኖስ፣ በዝናቡ ትዕይንት ደግሞ ከጓሳ ሣር የተጎነጎነ ገሳ ይለብሳል። ገሳው ከገበያ ይገዛ። የመንዝ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ክልል ስለሆነ ለፊልም ብሎ ሣር ማጨድ የለም።

የካሜራ ሙከራ። ሶኒ ኤ7 3፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50። 25 የተመረጠው የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ከ50 ኸርዝ ጋር የማይስማማ ፍጥነት ላይ የጎጆው ውስጥ አምፖል ሊርገበገብ ይችላል። ኤስሎግ 2 (የብርሃንና የጥላ ዝርዝር አብዝቶ የሚይዝ የቀረጻ ዘዴ) ሲከፈት አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 አይወርድም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ላይ ኤንዲ 64 (ብርሃኑን ወደ 1/64 የሚቀንስ ፊልተር) ያስፈልጋል። በርካሹ የሚዞር ኤንዲ ሁለት ጉድ ታየ። አንደኛ፣ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ሰማዩ ላይ ጥቁር የመስቀል ጥላ። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ በርኖስ ቀይ ዳማ ሆኖ ወጣ። ሱፉ አልለቀቀም፤ ፊልተሩ የሚታየውን ብርሃን ሲቀንስ ኢንፍራሬዱን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል፣ ካሜራውም እንደ ቀይ ያነበዋል። ኢንፍራሬድ የሚከለክል፣ የማይዞር ኤንዲ ተገዛ። የቀለም እርማት ላይ አስተካክለዋለሁ ማለት አይሠራም፤ ጥቁሩ ሲስተካከል ፊት አረንጓዴ ይሆናል።

ኅዳር 2ኛ ሳምንት፦ ጣርማበር

ጀነሬተር። ሳጥኑ ላይ 2.8 ኪሎዋት ይላል። ያ በባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ 1.8 ቢገኝ መልካም። የ1,500 ዋት ጭስ ማሽንና ሁለት የ200 ዋት ኤልኢዲ አብረው ሲሰኩ 1.9 ነው፤ ጠፋ። ማሽኑ ሲሞቅ መብራቶቹ ይጠፋሉ፣ ከሞቀ በኋላ ይበራሉ፦ በዚህ ተራ ተሠራ። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በሁለት ቀን ይጠቁራል። መለዋወጫ ካንዴላ ይያዝ።

ጭስ ማሽኑ ራሱ ከንቱ ሆነ። የገደሉ ንፋስ አምስት ሰከንድ አያቆየውም። እውነተኛው ጉም ከደብረ ሲና በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ግን ማሽን የማይሠራውን ይሠራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተገለበጠ፤ የጉም ሾቶች ዝርዝር በአንድ ወረቀት፣ የጠራ ሰማይ ሾቶች በሌላ ወረቀት፣ ሰማዩ የሰጠው ይቀረጻል። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ብርሃኑ የጠዋት ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ግድግዳው ጥላ ነው። የማለዳው ለስላሳ ብርሃንም አጭር ነው፤ በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ከአድማስ እስከ 6 ዲግሪ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሾት፣ በቃ።

ገጽ 17፣ ራሱ ከሰውየው የሚበልጥበት። የዘንዶው ራስ ከሌንሱ 1.5 ሜትር፣ ተዋናዩ 3.3 ሜትር። 85 ሳንቲሜትሩ ራስ የ1.70 ሜትሩን ሰው በጥቂት ይበልጣል። መጀመሪያ በኤፍ 2.8 ተቀረጸ፤ ሰውየው ጠርቶ ራሱ ደበዘዘ፣ ማታለሉም ወዲያው ታወቀ። 24 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 8፣ ፎከስ 2.4 ሜትር ላይ፦ ከ1.2 ሜትር እስከ ማለቂያው ጥርት ይላል። በጉም ብርሃን ኤንዲ 8 በቃ። ሁለተኛው ወጥመድ ዓይን ነው። ተዋናዩ አሻንጉሊቱን ካየ በፍሬሙ ውስጥ ወደ ካሜራው ያየ ይመስላል። ከጎኑ 1 ሜትር ላይ ባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮ፣ እሱን እንዲያይ ተደረገ። ሦስተኛው፦ ካሜራው ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ አንድ ሳንቲሜትር ወደ ጎን ከሄደ ርቀቱ ይጋለጣል።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት የሚሄደው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ቆመ። ትርፍ ባትሪ ከጋቢ ሥር፣ ደረት ኪስ ውስጥ። ማታ ካሜራው ወደ ሞቀ ክፍል የሚገባው በታሰረ ፌስታል ነው፤ ሳይሞቅ ከተከፈተ ሌንሱ ውሃ ያዝላል።

ኅዳር 4ኛ ሳምንት፦ ጓሳ

የሜዳው ሾቶች። ጅብራው ራሱ የሌላ ዓለም ተክል ስለሚመስል ሰው ሠራሽ የቀረጻ መድረክ አልተሠራም። ጭላዳዎች በሩቁ፣ በ200 ሚሊሜትር፤ ምግብ ማሳየት የለም። የሾት ቅደም ተከተል ላይ ግን ይታሰብበት፤ በአንዱ ሾት መቶ ጭላዳ፣ በሚቀጥለው ባዶ ሜዳ ከሆነ መቁረጥ አይቻልም።

ድምፅ። ንፋሱ ማይኩን ደፈነው። አጎዛ ጠጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ ማይኩ ላይ ተጠቀለለ። ንፋሱ ቀነሰ፣ ንግግሩም አብሮ ታፈነ፤ ድምፅ በጠጉር ያልፋል እንጂ በቆዳ አያልፍም። ሁለተኛው፣ ከሽቦ ወንፊት የተሠራ ሲሊንደር፣ ከማይኩ ሁለት ጣት ርቆ፣ ላዩ ላይ ሳሳ ያለ መረብ፣ በመረቡ ዓይን ሁሉ የሱፍ ጉንጉን ታስሮበት። ለድባብ ድምፅ በቂ ሆነ። ንግግሩ ግን ደብረ ብርሃን ተመልሶ፣ አራቱም ግድግዳ ዝተት በተሰቀለበት ክፍል እንደገና ተቀዳ። ያልተከተፉት ዝተቶች ሥራ ይኸው።

ታኅሣሥ፦ ጨርቅና ቆረጣ

የዘንዶው ክንፍ ያለባቸው 11 ሾቶች ቤት ውስጥ። ከኋላ የሚሰቀለው ጨርቅ ቀለሙ በኮምፒውተር ተነቅሎ በሌላ ሥዕል ይተካል። አረንጓዴ ጨርቅ ተሰቅሎ ገሳው አብሮ ተነቀለ፤ ደረቅ ሣር ውስጥ አረንጓዴ አለ። በሰማያዊ ፖፕሊን ተተካ፣ 3 በ4 ሜትር፣ ስፌቱ አግድም ሳይሆን ቁልቁል፣ ተተኩሶና ተወጥሮ። ተዋናዩ ከጨርቁ 2.5 ሜትር ይራቅ። ካሜራው ውስጥ የሚቀዳው 8 ቢት፣ 4:2:0 ስለሆነ የቀለም ዝርዝሩ የብርሃኑ ሩብ ነው፤ የጠጉርና የሱፍ ዳር ይሸረፋል። በርኖሱ እንዳይሸረፍ ከኋላ ጠንካራ ብርሃን ተሰጥቶት ዳሩ ተለየ። የክንፉ ሞዴል ብሌንደር በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የተሠራው። ክንፍ ገጽ ላይ አራት ሳጥን ብቻ ታይቷል፤ ሲታጠፍ የሚያሳይ አንድም የለም። የአጥንቱ መገጣጠሚያ ከሌሊት ወፍ ተወሰደ።

ቀረጻው በ4ኬ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው፤ የ6 ሰዓቱ 270 ጊጋ። ሁለት ዲስክ፣ በሁለት ቤት።

ድምፅ ማስመሰያዎቹ («ጓ!»፣ «ድም!») ሥዕል ላይ ተጽፈዋል፤ ፊልም ላይ ይሰሙ። የዘንዶው ትንፋሽ በግማሽ ፍጥነት የተጫወተ መለከት ሲሆን፣ በእርጥብ ጠፍር መጎተት ድምፅ ተደርቧል። የላም ጩኸት ተሞክሮ ተጥሏል፤ የቱንም ያህል ቢዘገይ ላም ነው።

የመጀመሪያው ቆረጣ 21 ደቂቃ። ለነጩ ክፍተት ከተቀረጹት 70 ሾቶች 31ዱ ወጡ። ገጽ 6 ላይ አራት የነበሩት ሁለት ሆኑ፤ በርኖሱ ሲደረብና ጎራዴው ከአፎቱ ሲወጣ። መነሣቱንና መሄዱን የድምፁ መሻገር ብቻ ይዞታል፤ የእሳቱ መንጣጣት በገደሉ ንፋስ ይዋጣል። ከቀረጻ በፊት ድምፁ ታስቦ ቢሆን ኖሮ ሁለት የጣርማበር ጠዋት ይተርፍ ነበር። አሁን 17 ደቂቃ ከ50።

የቀሩ፦ ገጽ 22 ሳጥን 2 (ጉም ያስፈልገዋል፣ ሦስት ጠዋት ተጠብቆ አልመጣም)፣ የመንጋጋው ግራ ጥግ በሲሊኮን ቅይጥ መታረም፣ 8 መስመር ንግግር ደግሞ መቅዳት። አንገቱ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል፤ ከመታጠፉ በፊት ሁለት ቀን ይድረቅ፣ አለዚያ ሱፉ ይሻግታል።